ስልኩ «ምስል» ሲል

1.

ማስጠንቀቂያው የግድቡ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ የወጣው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የግድቡ በር አሥር ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ ወንዝ ዳር ያላችሁ ሁሉ ቶሎ ውጡ፣ ይላል። ቀይ መደብ ላይ ነጭ፣ ደማቅ ፊደል። ያምራል።

ችግሩም ማማሩ ነው።

2.

ገጹን የሠራችው መቅድም ጠረጴዛዋ ፊት ለፊት በእጇ ጽፋ የለጠፈችው፦

ሀ) ገጹ እንደ ስልኩ ስፋት ይጥበብ፣ ይስፋ።

ለ) ቀለም ብቻውን መልእክት አይሁን።

ሐ) ጽሑፍ ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጥ። የግድ ምስል ከሆነ፣ ስልኩ ለማያዩ ሰዎች ጮክ ብሎ የሚያነበው ቃል ከሥሩ ይግባለት።

አንባቢ ሆይ፣ «ምስኪን፣ አታውቅም ነበር» እንዳትላት። አሳምራ ታውቃለች።

3.

አለቃዋ አቶ ከፍያለው፣ ባለፈው ወር፦

«አንዳንዱ ስልክ ላይ ፊደላችን ባዶ ሳጥን እየሆነ አዋረደን እኮ! ማስታወቂያውን በሙሉ ፎቶ አድርጊና ለጥፊው። ያኔ የትም አይበላሽም።»

«የማያዩ ሰዎችስ? ስልካቸው ፎቶ አያነብላቸውም።»

«እሱን ቀስ ብለሽ ትጨምሪዋለሽ።»

እሺ አለች። እኔን የሚያናድደኝ እሱ አይደለም፤ እሷ ናት።

4.

ጋሽ ይርዳው ዓይነ ስውር ናቸው። ሠላሳ ዓመት የመሥሪያ ቤት ስልክ ሲያገናኙ ኖረው ጡረታ ወጡ። አሁን ከግድቡ በታች፣ ወንዙ ዳር ቆስጣ ያለማሉ። ስልካቸው የተጻፈውን ሁሉ ጮክ ብሎ ስለሚያነብላቸው፣ ጎረቤቶቻቸው «እሳቸውማ ከእኛ ቀድመው ይሰማሉ» እያሉ ወሬ መንገር ትተዋል።

ገጹን የሞከሩላትም እሳቸው ነበሩ።

«ልጄ፣ ‹ምስል› ብሎኝ ዝም አለ» ብለው ሳቁባት።

«በዚህ ሳምንት አስተካክለዋለሁ፣ ጋሼ።»

አራት ሳምንት ሆነው።

5.

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ጋሽ ይርዳው ትዝ አሏት።

ደወለች።

ደወለች።

ደወለች።

ቆስጣቸውን ውሃ ሲያጠጡ ስልካቸውን ከነኮታቸው ዛፍ ላይ ነው የሚሰቅሉት።

6.

አሥር ሰዓት ከሁለት። እሳቸው ደወሉ።

ጋሽ ይርዳው፦ መቅድሜ፣ ስትደውዪ ነበር መሰለኝ። ኮቴን ሰቅዬው ነው።

መቅድም፦ ጋሼ፣ የት ነዎት?

ጋሽ ይርዳው፦ የት እሆናለሁ? ቆስጣዬ ጋ ነኛ! ስሚ፣ ስልኬ ‹ገጹ አዲስ ነገር ለጥፏል› አለኝ። ከፈትኩት፤ ያው ‹ምስል› ይለኛል። ደሞ ሰዉ ምን እንደነካው እንጃ፣ ማሳው ሁሉ ጭር ብሏል።

መቅድም፦ ጋሼ...

ጋሽ ይርዳው፦ ቆይ እስቲ። የወንዙ ድምፅ ተለወጠብኝ።

(በስልኩ ውስጥ የውሃ ጉርምርምታ ይሰማል።)

ጋሽ ይርዳው፦ ማስታወቂያው ምን ይላል፣ ልጄ? እስቲ አንብቢልኝ።

7.

መቅድም፦ ‹የግድቡ በር አሥር ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ ወንዝ ዳር ያላችሁ ሁሉ ቶሎ ውጡ› ይላል፣ ጋሼ።