የሞላልኝ ድንኳን አተካከል

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትምም። ይህን እኔ እየተናገርኩ የምትጽፈው ቃልኪዳን ናት። ቃሌን ላሳምር ብትል መልሳ ስታነብልኝ እይዛታለሁ።

የእድራችንን የለቅሶ ድንኳን የሠራው ባሌ ሞላልኝ ነው። ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭን ይከርምና በእረፍት ቀኑ፣ እዚህ በሰው አገር ሳክሲ በምትባል ከተማ ባለው ጋራዣችን ብረቱን ቆርጦ፣ በይዶ፣ ሸራውን አሰፍቶ ሠራው። ከሱቅ የተገዛ ስላልሆነ ከካርቶን የሚወጣ መመሪያ የለውም። ከካሮልተን እስከ ኧርቪንግ፣ በዙሪያችን ባሉት ከተሞች ሁሉ፣ ሰው በሞተ ቁጥር ሞላልኝ ይጠራል፣ ይተክላል፤ አለቀ።

ኋላ ሳንባው ታመመ። እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የእድርተኛችን የስርጉት እናት አረፉና የእድሩ ወንዶች ድንኳኑን ራሳቸው ተከሉት። ሁሉም ሾፌር ነው፤ ሁሉም አዋቂ ነው። ነፋስ መጣና አንዱን ጥግ ገንጥሎት ሄደ። ለቀስተኛው ነጠላውን እየሰበሰበ ወደ መኪናው ሮጠ። ሞላልኝ ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሐኪሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ የለውም ብሎኝ ነበር። የሚቀጥለው ለቅሶ የማን እንደሆነ እንዲነገረኝ አልፈለግሁም፤ አውቀው ነበር። በእሱ ለቅሶ ላይ ድንኳኑ ወድቆ ሰው እንዲሮጥ ግን አልፈቅድም አልኩ።

ቃልኪዳን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ለልጆች አማርኛ ታስተምራለች። ጠርቼ «ተረት ማስጻፉን ተዪና ይህን አስጽፊልኝ» አልኳት።

ልጆቹን ይዛ ጓሯችን መጣች። «ምንም የማያውቅ ሰው ሰምቶ እንዲተክለው አድርጋችሁ ጻፉ» አለቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እማማ አበዛሽ፣ እነሱ ያነባሉ፤ እርስዎ የተባሉትን ብቻ ያደርጋሉ።»

«ምንም የማያውቀው ሰው እኔ ነኝ?»

«ድንኳን ነክተው ያውቃሉ?»

«የወንድ ሥራ ነው፤ ለምን እነካለሁ?»

«ሶ፣ እርስዎ ነዎት።» ደፋር ናት።

ሮሆቦት የምትባለው ልጅ ማንበብ ጀመረች። «ረጅሙን ብረት ያዙ። መሬት ላይ አቁሙ። ሁለተኛውን አምጡ።»

ያዝኩ። አቆምኩ። ሁለተኛውን ላመጣ ለቅቄው ሄድኩ። ብረቱ ዮኒ የሚባለው ልጅ እግር ሥር ተዘረረ።

«እማማ! ለምን ለቀቅሽው?» አለ።

«አንቺ ትለኛለህ ደግሞ! ሌላ ሰው ይያዘው ብላችሁ ጽፋችኋል?»

«ማለቴ... እሱማ ማንም ያውቃል።»

«እኔ አላውቅም። ማንም አይደለሁም እንዴ?»

ከሆስፒታል ወደ ቤት የተመለሰው ሞላልኝ በረንዳው ላይ የኦክስጅኑን ቱቦ በአፍንጫው እንደሰካ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነበት፤ ልጆቹ ደነገጡ። ቀጥሉ አላቸው በእጁ።

እንዲህ እያልን ስንት ቅዳሜ ሄደ። እሱ ማስረዳት አይችልበትም። «እጄ ነው የሚያውቀው፤ አፌ አያውቅም» ይላል። ስለዚህ ልጆቹ እጁን እያዩ ጻፉ። ጣቱ አየር ላይ ገመድ ሲቋጥር ሮሆቦት «ቆይ አባባ፣ ከላይ ነው ከታች?» ትለዋለች፤ እሱም እንደገና ይቋጥርላታል። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ሰፈረ፦ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ሳታዩ ሸራ አትወጥሩ። ካስማውን ስትመቱ አናቱን ወደ ውጭ አዘንብሉት። አንዱ እግር አጭር ነው፤ እሱ መሬቱ ከፍ በሚልበት በኩል ይቁም። እኔም መዳፌ እስኪላጥ የማላውቅ ሰው ሆኜ ቆምኩላቸው። ያጎደሉትን ሁሉ አጎደልኩት። ባጎደልኩ ቁጥር ሰርዘው ጻፉ።

አንድ ቅዳሜ ድንኳኑ ቆመ። ሞላልኝ ከወንበሩ ሳይነሳ አየው፣ አየው። «ማፍረሱን ደግሞ በሚመጣው ቅዳሜ» አለ።

ሐሙስ አረፈ።

የእድሩ ወንዶች መጥተው መጨቃጨቅ ጀመሩ። ያ ጥዑመልሳን፣ መኪናውን እንኳ ቀጥ አድርጎ ፓርክ ማድረግ የማይችለው፣ «እኔ አውቀዋለሁ» አይልም!

«ዝም በል! ልጅቷ ታነባለች፤ አንተ ትሰማለህ» አልኩት። ባለሐዘን እንዲህ አይናገርም ያሉ አሉ አሉ፤ ይበሉ።

ሮሆቦት አነበበች፤ ትልልቅ ወንዶች ታዘዙ። ድንኳኑ ቀጥ ብሎ ቆመ። ነፋሱም አልቀረም፤ ሸራው እንደ ሆድ ተነፋ፣ ካስማው ግን ንቅንቅ አላለም። ሥሩ ተቀምጬ አለቀስኩለት።

በሠልስቱ ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ተሸኘ። ልጆቹ ወረቀቱን ይዘው መጥተው ፊቴ ቆሙ።

«እማማ፣ ማፍረሱ እዚህ የለም» አለች ሮሆቦት። «ከታች ወደ ላይ ባነበው ይሆናል?»

«አላውቅም።»

«አላዩም? ያን ሁሉ ዓመት?»

አላየሁም። ሞላልኝ ድንኳን ሲያፈርስ አንድም ባለሐዘን አይቶት አያውቅም። «ባለሐዘን ሞቱ እውነት መሆኑ የሚገባው ድንኳኑ ሲወርድ ሲያይ ነው» ይል ነበር። ስለዚህ እኔ ባለሐዘኗን ሴትዮ ክንዷን ይዤ ቤት አስገባታለሁ፣ መጋረጃውን እዘጋለሁ፣ የብረቱን ድምፅ እንዳትሰማ ጮክ ብዬ አወራታለሁ። ጀርባዬ ሁልጊዜ ወደ መስኮቱ ነው። እሱ ውጭ፣ እኔ ውስጥ። ሥራችን እንዲህ የተከፈለ ነበር።

«ብረቱን እናንተው ድረሱበት» አልኳት። «መጀመሪያውን ግን ጻፊ።»

እስክሪብቶዋን አወጣች።

«መጀመሪያ ሴትዮዋን ቤት አስገቧት። መጋረጃውን ዝጉ። አንድ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ጮክ ብሎ ያውራት።»

ጻፈች። የጻፈችውን ቆማ አየችው። ከዚያ ወረቀቱን ለዮኒ ሰጥታ ክንዴን ያዘች።

መጋረጃውን ዘጋች። ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ስለ ሒሳብ ፈተናዋ፣ ስለማትወዳት ጎረቤቷ፣ ስለ ድመቷ ጮክ ብላ ታወራኝ ጀመር። ጎበዝ ናት፤ ከተጻፈው ምንም አላጎደለችም።

ብረቱ ሲወርድ ግን ሰማሁት።