ክስ የሌለበት ማንጎ

ሞላ ራፖር ጸሐፊ ነው። በወረዳው ፍርድ ቤት ደጅ፣ ማንጎው ሥር ተቀምጦ የጻፈው አቤቱታ ቢቀጣጠል ከአሶሳ ማንኩሽ ደርሶ በቶንጎ በኩል ይመለሳል። ጥላው ደግሞ ጥላ እንዳይመስላችሁ፤ ያቺ ዶሮ በቁሟ የምትጠብስ የአሶሳ ፀሐይ እዚያ ስትደርስ ጫማዋን አውልቃ ነው የምትገባው።

አንድ ማክሰኞ ታዲያ አዲሷ ዳኛ ሰብለወንጌል ብቅ አለችና፣ «አቶ ሞላ፣ ሌላ ቦታ ይፈልጉ። አዲሱ ችሎት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ዛፉ ይቆረጣል» አለችው።

ሞላን ምድር ከዳችው። ጥላው ከሄደ እንጀራው ሄደ። አፉ ግን እንደ ልማዱ ቀደመው።

«ክብርት ዳኛ፣ ይሄን መቁረጥማ ታሪክ መቁረጥ ነው! ይሄ ቆርቆሮ ሳይመታ በፊት ፍርድ ቤቱ ዛፉ ነበር። የአገሬው የበርታ አባቶች ከጥንት ጀምሮ የሚማማሉበት ነው። ለዚህ አይደል ፍሬውን ማንም የማይቀጥፈው?»

እውነትም የሚነካው አልነበረም። የሕፃን ራስ የሚያህል ማንጎ በየዓመቱ ይወድቃል፣ ይበሰብሳል፤ ፍየል እንኳ አንገቷን ደፍታ ታልፈዋለች።

«እንግዲያው ዓርብ ሽማግሌዎቹን ያምጧቸው» አለች ዳኛዋ። «ታሪክ ካለው ፕላኑን ወደ ጓሮ እናዞረዋለን።»

ሞላ ወደ በርታው ሽማግሌ ወደ ሼህ ሻዕባን ቤት በረረ።

«ሼህ፣ የአባቶቻችሁን የመሐላ ዛፍ ሊቆርጡባችሁ ነው!»

«የቱን ዛፍ?»

«የፍርድ ቤቱን ማንጎ ነዋ!»

ሼህ ሻዕባን መስገጃቸውን አጥፈው ትክ ብለው አዩት። «ያ የእኛ አይደለም። የእናንተ ነው። አባቴ፣ አላህ ይርሐመው፣ ‹የሰፋሪ መሐላ ነው፣ እንዳትነካ› አለኝ። እኛ አልነካም።»

«የእኛ? ወሎ ውስጥ በማንጎ የማለ ማን አለ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እናንተ ሰፋሪ፣ ወላሂ፣ ሁሉ ነገር ላይ ትምላለህ!»

ሞላ ግራ ገባው። በሰፈራው ጊዜ ከወሎ በመጀመሪያው መኪና ወደመጡት ወደ እትዬ ማሚቱ ዞረ።

«እትዬ፣ ያ ማንጎ የማን ነው?»

«የነሱ ነዋ! እኔ እኮ በሥሩ ሳልፍ አማትቤ ነው የማልፍ።»

ሞላ ወደ ቤቱ ሲሄድ ቤቱን ሁለት ጊዜ አለፈው።

ዓርብ ሁሉም ከዛፉ ሥር ተሰበሰበ። ሞላ ቀድሞ ተነሣ። «ኖኅ ከመርከቡ ሲወርድ...»

«አቶ ሞላ፣ ይቀመጡ።»

እትዬ ማሚቱ ተናገሩ። «አሁን ሳስበው፣ እኛ ስንመጣ እዚህ ሣር ብቻ ነው የነበረ። ፍርድ ቤቱም የሣር ጎጆ ነው። ባለጉዳዩ ሁሉ፣ እኛም እነሱም፣ ውጭ ተኮልኩለን ማንጎ እየበላን ዘሩን ወዲያ እንወረውር ነበር።»

«እውነት ነው» አሉ ሼህ ሻዕባን። «አንዱ ዘር በቀለ። ከማን እጅ እንደወጣ አላህ ያውቃል።»

«ስለዚህ የማንም አይደለም፤ ታሪክም የለውም» አለች ዳኛዋ።

ሞላ አፉን ከፈተ፤ ውሸት ፈልጎ አጣ።

«ክብርት ዳኛ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «በዚህ ወረዳ ክስ ያልጻፍኩበት ማንጎ የለም። ቅርንጫፉ ድንበር ተሻገረ፣ ልጅህ ለቀመ፣ ፍየልህ በላ። በዚህኛው ግን አንድም ቀን አልጻፍኩ። እነሱ የእኛ መስሏቸው፣ እኛ የነሱ መስሎን፣ ተከባብረን ኖርን።»

ዳኛዋ ሳቀች። ሳቋ ያስበረገጋቸው ወፎች ጉባ ሄደው ነው ያረፉት። «ችሎቱ ጓሮ ይሠራል» አለች። ከዚያ እጇን ሰደደችና አንድ ማንጎ ቀጥፋ፣ በካባዋ ጠርጋ ገመጠችው። ሕዝቡ አንጋጦ ሰማዩን አየ። ሰማይ ግን አልወደቀም።

«ይጣፍጣል» አለች።

ሰኞ ጠዋት ሞላ ጠረጴዛውን ሲዘረጋ ሼህ ሻዕባን ቆመው ጠበቁት።

«ጻፍ። ዘሩን የወረወረ አባቴ ነው። አሁን ትዝ አለኝ።»

ከኋላቸው እትዬ ማሚቱ ነጠላቸውን እያጣፉ ደረሱ። «ለእኔ አስቀድም፣ ሞልዬ! በዚህ እጄ ነው የወረወርኩት!»

ሞላ ቀና ብሎ ዛፉን አየ። ዝቅ የሚለው ቅርንጫፍ ፍሬው ተለቅሞ ተራቁቷል። ጥላው አለ፤ ከላዩ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቷል። እስክሪብቶውን አነሣና አንዴ ሼሁን አንዴ እትዬን አየ፤ «ከሳሽ» ብሎ ከጻፈ በኋላ ግን ማንን እንደሚያስከትል ጠፋው።