ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ

“ያቻትና! ራሷ መጣችልሽ፣ እሷኑ ጠይቂያት!” አሉ ወይዘሮ ሽታዬ፣ ልጃቸው ብርቱካን የግቢውን በር ከፍታ ስትገባ።

ብርቱካን ክው ብላ ቆመች። በረንዳው ላይ እናቷ፣ ታብሌት የያዘች አንዲት ወጣትና እትዬ አለምነሽ ተቀምጠዋል። እትዬ አለምነሽ የመጡት መናኸሪያ አጠገብ ያለውን የእናቷን የጉሊት ቦታ ሊረከቡ ነው። ወይዘሮ ሽታዬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሽንኩርትና ቲማቲም የሸጡበትን ቦታ የሚለቁት ጉልበታቸው ስላስቸገራቸው ነው። ደግሞስ ምን አስጨነቃቸው? ልጃቸው ፋብሪካ ውስጥ ተቆጣጣሪ አይደለች?

ነበረች። ፋብሪካው ትእዛዝ ቀነሰብኝ ብሎ ካሰናበታት ሁለት ወር አለፈ። ይህን ጉድ ለእናቷ እንዴት ብላ ትንገራቸው? በየማለዳው መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትወጣለች፤ ፒያሳ የሥራ ማስታወቂያ ስታነብ ትውልና በመውጫ ሰዓት ትመለሳለች። ዛሬ ዝናቡ ነው አባሮ ያመጣት።

“ምነው በጊዜ?” አሏት እናቷ።

“መብራት ጠፍቶ ነው” አለች ወደ በረንዳው እየወጣች። ውሸቱ እንዲህ ቀሎ ሲወጣላት ራሷን ጠላች።

ወጣቷ ቃልኪዳን እንደምትባል፣ ስለ ሥራና ሥራ አጥነት መረጃ እንደምትሰበስብ ነገረቻት። “ከመጣሽ አንቺው ብትመልሺ ይሻላል። ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ገንዘብ የሚያስገኝ ሥራ ሠርተሻል?”

“ኧረ ምን ያለ ጥያቄ ነው!” ሳቁ ወይዘሮ ሽታዬ። “ልጄ ወገቧ እስኪቆረጥ ነው የምትሠራው!”

ብርቱካን ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችው ኢኮኖሚክስ ነው። ይህን ጥያቄ ለፈተና ሸምድዳዋለች፦ በሳምንት አንድ ሰዓት የሠራ ሰው ሥራ አጥ አይባልም። ማክሰኞ ዕለት ደግሞ በጓደኛዋ ፎቶኮፒ ቤት ለአንድ ሰው ማመልከቻ ጽፋ ተከፍሏታል። እንዲህ ያለ መውጫ ከየት ይገኛል! “አዎ” ብትል እግዜርም አይታዘባትም።

“አዎ፣ ሠርቻለሁ” አለች።

“እሰይ!” አሉ እናቷ። እትዬ አለምነሽም ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። “በሉ እንግዲህ፣ ዝናቡ ሳይመለስ ቦታውን ያስረክቡኝ፤ ነገ ዕቃዬን ላስገባ።”

ወይዘሮ ሽታዬ ጉልበታቸውን ደግፈው ብድግ አሉ። ብርቱካን በዓይኗ ተከተለቻቸው። ያቺ ቦታ ከሄደች እዚህ ቤት በምን ይበላል?

“ስንት ሰዓት ልሙላ?” አለች ቃልኪዳን፣ ጣቷን ታብሌቱ ላይ አድርጋ።

“አርባ ስምንት በያት!” አሉ እናቷ ደረጃውን እየወረዱ።

“አንድ” አለች ብርቱካን።

“በቀን?”

“በሳምንት። ማክሰኞ ለታ፣ አንድ ሰዓት ብቻ። ፋብሪካው ካስወጣኝ ሁለት ወር ሆኖኛል።”

ወይዘሮ ሽታዬ ደረጃው ላይ ደርቀው ቀሩ።

“ሁለት ወር ሙሉ የት ነበር የምትውይው፣ ልጄ?”

“ፒያሳ። ሥራ ፍለጋ።”

ቃልኪዳን አንገቷን ደፋች። እሷም የተቀጠረችው ለሦስት ሳምንት ነው። “ያው… በቅጹ መሠረት ሥራ አለሽ ነው የሚባለው” አለች ቀስ ብላ።

“ሙዪው፣ ደንቡ ነው።” ብርቱካን ወርዳ የእናቷን ክንድ ያዘች። “እትዬ አለምነሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቦታው አይለቀቅም። ከነገ ጀምሮ እኔ እቀመጥበታለሁ።”