የአባባ ሠረቀብርሃን ጉልበት

የእጮኛዬ የነአምን አያት፣ አባባ ሠረቀብርሃን፣ ጉልበታቸውን እንድስም ጠብቀው ነበር፤ እኔ ግን ቀጥ ብዬ ቆሜ እጃቸውን ብቻ ጨበጥኩ።

«ዩኒቨርሲቲ ጎንበስ ማለት አያስተምሩም እንዴ?» አሉ ወደ ነአምን ዞረው።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን አባባ ቤት የሄድነው ጋብቻችንን እንዲመርቁልን ነበር። «በሽተኛ አመጣ» እንዳይሉት ብዬ ሕመሜን ልደብቅ አስቤ ነበር። ኩሩ ከመባል ግን መናገሩ ተሻለኝ።

«ወገቤ ነው፣ አባባ። የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የመጽሐፍ ካርቶን ሳነሳ ተጎዳሁ። ሁለት ዓመት ሆነው። ይተወኝና ይመለሳል፤ ዛሬ ጠዋት ተመልሷል።»

አባባ ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ከዘራቸውን ለነአምን ሰጥተው፣ ደረጃውን ይዘው ከፍ ወዳለው በረንዳ ወጡና ጫፉ ላይ ቆሙ። እኔ ግቢው ውስጥ እንደቆምኩ ጉልበታቸው ፊቴ ደረሰ።

«በይ እንግዲህ፣ እሱ ራሱ መጣልሽ!»

«አባባ፣ ይወድቃሉ!» አለ ነአምን።

«አንተ ዝም በል! ጤነኛ ወገብ ይዘህ መቼ ጎንበስ ብለህ ታውቃለህ?»

ሳቄ አመለጠኝ። እየሳቅኩ ጉልበታቸውን ሳምኩ። እሳቸውም እዚያው በረንዳው ጫፍ ላይ እንደቆሙ ሁለታችንንም መረቁን፤ ከዚያ ገብተን ምሳ በላን።