የወይዘሮ ኦቲሊየ «እናያለን»

ቪየና፣ ኦታክሪንግ ውስጥ ባለ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሃያ ሁለት ዓመት በር ጠብቄያለሁ፤ የተሰበረ ጠግኛለሁ፣ የተጣላም አስታርቄያለሁ። ባለፈው መጸው ሕንፃው እንዲታደስ ተወሰነ። ተከራይ አይለቅም፣ ኪራይም ከልክ አያልፍም ተባለ። የየቤቱ የጋዝ ማሞቂያ ተነቅሎ፣ በከርሰ ምድር ሙቀት የሚሞቅ ውሃ በአንድ ቧንቧ ከታች እስከ ጣሪያ ሊወጣ ነው። ቧንቧው ግን በየማድ ቤቱ ግድግዳ ያልፋል። አንድ ሰው እንቢ ካለ ከእሱ በላይ ያሉት ሁሉ ሙቀት አያገኙም።

ሰኞ ጧት ሠራተኞቹ ሦስተኛ ፎቅ ሲደርሱ የወይዘሮ ኦቲሊየ ናቭራቲል በር ተቆልፏል። ሴትዮዋ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ እዚያ ቤት ሃምሳ አንድ ዓመት ኖረዋል። ከጀርመን፣ ከሃምቡርግ የመጣው ወጣቱ ኢንጂነር ፔተርሰን እየሮጠ ወደ እኔ መጣ።

«ሎይስ፣ እኚህ ሴትዮ ተስማምተው ነበር እኮ!»

«ምን ብለው?»

«‹እስቲ እናያለን› አሉኝ። በፈገግታ! ኬክ ሁሉ አብልተውኛል።»

ሳቄ አመለጠኝ። «ኬኩንማ ለማንም ያበላሉ። በእናንተ አገር እናያለን ማለት እናያለን ይሆናል። እዚህ ግን እኔ በሕይወት እያለሁ አይሞከርም ማለት ነው።»

ፊቱ ቀላ። «እኔ ተስማምተዋል ብዬ ጽፌያለሁ።»

ከበሩ ጀርባ ድምፅ መጣ። «ሎይስ፣ ያ የሃምቡርግ ልጅ ሄደ?»

«አልሄደም፤ ደረጃው ላይ ተቀምጧል።»

«ይቀመጣ! ድንጋዩ ሲበርደው ይነሳል።»

በላያቸው የምትኖረው ዞሪጻ ሕፃኗን ታቅፋ ወረደች። የእሷ ማሞቂያ ከተበላሸ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ልጅቷ ታስላለች። ዞሪጻ በሩን አየች፣ እኔን አየች፣ ተመልሳ ወጣች። ያ ሳል ግን ከበሩ ወዲያ ተሰምቷል።

እኔም በሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። በልቤ አባታችን ሆይን ደገምሁ።

«ደብዳቤው ላይ ‹ለጊዜው› ይላል» አሉ ሴትዮዋ በመጨረሻ። «ለአሥር ቀን ለጊዜው ይዛወራሉ ይላል። እህቴን ጊዜላንም እንዲሁ ነበር ያሏት። ቤትሽን እናድስ ብለው ለሁለት ሳምንት ከዳኑብ ወንዝ ማዶ ወሰዷት። አራት ዓመት ቆይታ እዚያው ሞተች። የቀድሞ ቤቷ ቁልፍ ከቦርሳዋ ወጣ። ሎይስ፣ ልጅቷ እንዲበርዳት አልፈልግም። ግን አልወጣም።»

ኢንጂነሩ ተነስቶ ቆመ። ወረቀቱን አገላብጦ አየና አጠፈው።

«ወይዘሮ ናቭራቲል፣ አሥሩ ቀን ለቧንቧው አይደለም፤ ለእኛ ሥራ እንዲመች ነው። ግድግዳውን በአንድ ቀን ከፍተን መዝጋት እንችላለን። የሰው ኃይል መጨመር አለብኝ እንጂ። ማታ በአልጋዎ ይተኛሉ።»

«ቁልፉስ?»

«ከእርስዎ እጅ አይወጣም። ከፍተው ያስገቡናል፣ ስንጨርስ ይዘጋሉ።»

በሩ ትንሽ ተከፈተ። «ረቡዕ» አሉ። «ከጧቱ በአንድ ሰዓት። አንድ ደቂቃ ካረፈዳችሁ አልከፍትም።»

ረቡዕ ወይዘሮ ኦቲሊየ ሠራተኞቹን አስገብተው ወደ ዞሪጻ ማድ ቤት ወጡ። ከእግራቸው ሥር መዶሻው ይንጓጓል። ኮታቸውን እንደለበሱ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«ኮትዎን እንኳ ያውልቁ እንጂ!» አለቻቸው ዞሪጻ።

«ወደ ቤቴ የምሄድ ሰው ምን አወልቃለሁ?»

ከምሳ በኋላ ሕፃኗ አልተኛም ብላ ስታለቅስ፣ ኮቱን አወለቁና በእሱ ጠቅልለው አቀፏት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠራኋቸውና ወረዱ። ግድግዳው ተለስኖ ገና አልደረቀም፤ ሳህኑ፣ ወንበሩ፣ መስኮቱ ሁሉ ነጭ አቧራ ለብሷል። ኢንጂነሩ ጫማውን አውልቆ ደጃፉ ላይ ቆመ። አንዱ ሠራተኛ መጥረጊያ ሲያነሳ ሴትዮዋ ከእጁ ነጠቁት።

«በቃ፣ ሂዱ» አሉ። «ቤቴን እኔ እጠርጋለሁ።»