ሦስት ሊትር ቦርዶ

ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን ስትገዛት ሦስት መልክ ነበራት። ኮፈኗ ነጭ፣ የግራ በሯ ከሌላ መኪና ተነቅሎ የመጣ ሰማያዊ፣ የቀረው ገላዋ ደግሞ አንድ ጊዜ ብርማ የነበረ፣ አሁን ግን ምን እንደሚባል የማይታወቅ። ሞተሯ ጤነኛ ነው፤ ያስቸገረው የሰፈር አፍ ነው። ገና ከማዕዘኑ ብቅ ስትል «ድሪቶዋ መጣች» ይላሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፈው ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ልብስ ስትሰፋ ለኖረች ሴት ግን በድሪቶ ተቀምጦ ልብስ ማድረስ ጥርሱ የረገፈ የጥርስ ሐኪም እንደ መሆን ነው። አንዷ ደንበኛዋማ የልጇን ልብስ ስትረከብ ስፌቱን ገልብጣ አየችው። በፊት እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ሰፊዋ የዚያን ዕለት ምሳ አልበላላትም።

ለሁለተኛ የስፌት መኪና ያስቀመጠችውን ገንዘብ አወጣችና ታናሽ ወንድሟን አስከትላ ቀለም ቀቢው ጋ ሄደች። ቀቢው ስልሳ ያለፈው፣ እጁ ላይ የአርባ ዓመት ቀለም የደረቀበት ሰው ነው። አንዴ ወሬ ከጀመረ አየሩ እስኪያልቅ ስለማያቆም ጋራዡ ውስጥ «ኮምፕሬሰር» ይሉታል። እሷ ግን ፊት ለፊቱ ጋሼ ነው የምትለው።

መጀመሪያ የነገረችው ገንዘቡን ነው። ይሄ ነው ያለኝ፣ ከዚህ ሌላ ሳንቲም የለም፣ አትከራከረኝም አልከራከርህም አለችው። ቀጥላ የምትፈልገውን ቀለም ነገረችው። መብራት ላይ ቆማ ያየችው መኪና ነበር፤ ከቀይና ከወይን ጠጅ መሃል ያለ ቦርዶ፣ ፀሐይ ሲነካው ውስጡ አሸዋ የተበተነበት ይመስል ብልጭ ብልጭ የሚል። ኮምፕሬሰር እስክትጨርስ ጠብቆ፣ ያ ቀለም ሦስት ድርብርብ ነው አላት። ከታች ቀለሙ፣ መሃል ብልጭታው፣ ከላይ እንደ መስታወት ያለው። በያዝሽው ገንዘብ ከኮፈኑ ተነስቼ የፊት በር ላይ ስደርስ ያልቅብኛል አላት።

ወንድሟ ይሄኔ አገኘኋት ብሎ ነጭ ይሁን አለ። ነጭ ርካሽ ነው፣ ጭረት አያሳይም፣ ቶሎ ይሸጣል።

«ማን ይሸጣል አለህ?» አለችው።

ኮምፕሬሰር በሽቦ የታሰረ የቀለም ካርድ አወረደላት። አንድ በአንድ አገላበጠችው። ለኪሷ የሚሆን ብሎ አንዱን መዘዘላት፤ ቀላ ያለ፣ ላዩ ላይ ትንሽ ብልጭታ የተነሰነሰበት፣ ከሩቅ ሲያዩት ያንን ውዱን የሚመስል። በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችውና መለሰችለት።

«ጋሼ፣ ሐር መግዛት ላልቻለ ሰው ሐር የሚመስል ናይሎን ሰፍቼ አላውቅም። ጥሩ ጥጥ ነው የምሰፋለት። ብልጭታውን ተወው፣ ይቅር። ቀለሙን ብቻ አምጣልኝ፤ ግን እሱኑ፣ ልክ እሱኑ።»

ኮምፕሬሰር ካርዱን መልሶ ሰቀለው። ቀጥሎ ወረቀት አንስቶ ሒሳቡን አሰበ። ብልጭታ የሌለው፣ ለእሷ ተብሎ የሚበጠበጥ ቦርዶ፤ ሦስት ሊትር። ልክ ይደርሳል፣ ጠብታ ግን አይተርፍም። አንድ ነገር ደጋግሞ ነገራት። የሚበጠበጠው አንዴ ብቻ ነው፤ በዚያው ሚዛን በዚያው እጅ ሁለተኛ ቢበጠብጡት ወንድሙን ይመስላል እንጂ ራሱን አይሆንም። ገባኝ አለችው።

መኪናዋ ተጠግና፣ ስቱኮ ተለስና፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቃ ስትዘጋጅ፣ ሰፊዋ የመበጥበጡ ቀን ብቻዋን መጣች። ሜትሯ እንደ ወትሮው አንገቷ ላይ ነው። ኮምፕሬሰር ሚዛኑ ላይ ቀይ አፈሰሰ፣ ሰማያዊ ጠብ አደረገ፣ ጥቁር በጭልፋ ጫፍ። ባልዲ ውስጥ አንድ ላይ ካማሰለው በኋላ፣ ሦስት ሊትር የሚይዝ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ስላልነበረው ሁለቱን ሊትር በትልቁ፣ አንዱን በትንሹ ከፈለው። ከዚያ ቁራጭ ላሜራ ላይ ቀባላት። እሷም ላሜራውን ይዛ በር ላይ ወጣች፤ ጨርቅ በአምፖል አይመረጥም። ኮምፕሬሰር ይሄን ወደደላት።

ቀለሙ ግን ፈዛዛ መሰላት። ሰፊዋ በዘመኗ ብዙ ጨርቅ ቀለም ውስጥ ነክራለች። ከገንዳ ሲወጣ ጥቁር መስሎ፣ ገመድ ላይ ሲደርቅ የሚነጣውን ታውቀዋለች። ስለዚህ እርጥቡ ከምትፈልገው መጥቆር አለበት። ጥቁር ጨምርበት አለችው።

«እቴ፣ ይሄ ጨርቅ አይደለም። ይሄ ሲደርቅ ይጨልማል እንጂ አይነጣም።»

«እርጥብ ነገር ደርቆ የማይነጣ የት አይተሃል?»

አርባ ዓመት እዚህ አይቻለሁ አላት። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። እሱም ክርክሩ ሲሰለቸው የአየር ቱቦውን ሊያይ ወደ ጓሮ ዞረ። ሰፊዋ ሰው ስለማታምን አልነበረም፤ ገንዘቡ አንዴ ብቻ የሚወጣ ስለሆነ፣ ቢበላሽም ሌላ ስለሌላት ነው። ዓይኗን አምና የጥቁሩን ጣሳ አነሳችና ትንሹ ቆርቆሮ ውስጥ ደፋችበት፤ በእንጨት አማሰለችው። አማረላት። ወደ ትልቁ ስትዞር ኮምፕሬሰር ከጓሮ ተመልሶ ደረሰባት።

አልጮኸም። ጣሳውን ከእጇ ተቀበላት። ከትልቁም ከትንሹም ቆርቆሮ ላሜራው ላይ ጎን ለጎን ቀባና ፀሐይ ላይ አስደግፎ፣ አሮጌ ጎማ እየጠቆመ፣ «ቁጭ በይ። ሲደርቅ እናያለን» አለ።

ተቀመጡ። እሷ ሜትሯን ጠቅልላ ፈታች፣ ጠቅልላ ፈታች። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ከትልቁ ቆርቆሮ የተቀባው እየሰከነ፣ እየጠለቀ ሄደና መብራት ላይ ያየችው ቦርዶ ሆነ። ልክ እሱኑ። ከትንሹ የተቀባው ደግሞ እንደ ጠቆረ ድስት ቂጥ ሆኖ ቀረ፤ ቀይነቱ የሚታየው አንገት ዘንበል አድርገው ሲያዩት ብቻ ነው።

ኮምፕሬሰር «እኔ ምን አልኩሽ» ሊላት ይችል ነበር። እሱ ግን የትንሹን ቆርቆሮ ክዳን አንስቶ ገጠመው፤ ይሄ ደግሞ ከስድብ ይከፋል። ሰፊዋ ፊቷ ጋለ። ደባልቃቸው እንዳትለው ሁለቱም ሊበላሹ ነው። አዲስ ሊትር በጥብጥ እንዳትለው ገንዘቡ የለም፣ ቢኖርም ራሱን አይሆንም። ጎማው ላይ ተቀምጣ መኪናዋን አየቻት፤ ተፍቃ፣ ግራጫ ሆና፣ ራቁቷን ቆማለች። እንደዚህ ይዣት ልመለስ ነው ብላ አሰበች።

ከዚያ በቀስታ ጠየቀችው። ሁለቱ ሊትር የት ድረስ ያደርሳል? ኮፈን፣ በሮች፣ ጎንና የኋላ ሻንጣ ያደርሳል አላት። ጣሪያውና ከበሮቹ በታች ያለው ይቀራል።

ብድግ ብላ ሜትሯን ዘረጋች። ጣሪያውን ለካች፣ ከበሩ በታች ያለውን ለካች፣ ደግማ ለካች።

«ጨርቅ ሲያጥረኝ ልብሱን አላሳጥረውም» አለች። «አንገትጌውንና ጠርዙን በሌላ ጨርቅ አደርገዋለሁ። ጥቁሩም የዚሁ ልጅ ነው፣ ከዚሁ ነው የወጣው። አይጣሉም።»

ኮምፕሬሰር መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞራት። ከዚያ ወሬው ተለቀቀ። መስመሩ ከተንጋደደ የልጅ ሥራ ይመስላል፣ ቀጥ ያለ መስመር በወረቀት ፕላስተር መሸፈን ብቻውን የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ያ ቀን ደግሞ ሒሳብ ውስጥ የለም እያለ ሲቀጥል፣ እሷ ፕላስተሩን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ጀምራለች። ያለ ማስመሪያ፣ በዓይኗ ብቻ፣ ከፊት እስከ ኋላ ሳትነሳ ሳብ እያደረገች ለጠፈችው። ኮምፕሬሰር ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይኑ መስመሩን አየና፣ አንቺን ቀድሜ ባገኝሽ ኖሮ ስንቱን ሰነፍ ባላሳደግሁ አላት። ይሄንን ምርቃት ቆጠረችው።

በአምስተኛው ቀን ወንድሟን ይዛ መጣች። መኪናዋ ግቢው መሃል ቆማለች። ገላዋ ድምቅ ያለ ቦርዶ፣ ጣሪያዋና ከታች ጠርዟ ጥቁር ሊባል የደረሰ፣ መሃሉ ላይ መስመሩ እንደ ክር የተወጠረ። ወንድሟ አፉን ያዘ። ይሄ የማን ሐሳብ ነው አለ።

ኮምፕሬሰር እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማይ ሰማይ አየና፣ «ገና ከመጀመሪያው እንዲህ ነው ያዘዘችው። አስባበት ነው» አለ።

ሰፊዋ ውሸቱን ትንሽ አጣጣመችው። ደስ ይላል። የሽማግሌው ደግነት ግን የበለጠ ስለጣማት የማይገባትን ምስጋና ልትወስድ አልሆነላትም።

«አይደለም» አለች። «ጋሼ ተው እያለኝ ጥቁሩን እኔ ነኝ የደፋሁት። ተሳስቼ ነው።»

ወንድሟ ዞር ብሎ ፊቷን መረመረ። ከልጅነቱ ጀምሮ ይሄን ቃል ከአፏ ሰምቶት አያውቅም።

«እትዬ፣ አሞሻል?»

ኮምፕሬሰር በሳቅ ፈነዳ፣ እሷም አብራ ሳቀች፤ ዓይኗን በሜትሯ ጫፍ ጠረገች። ገንዘቡን ሰጠችው፤ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ አላት።

ሞተሩን አስነስታ ወንድሟን ጎኗ አስቀምጣ ቀስ ብላ ወጣች። የግቢው በር ላይ ስትደርስ አቆመችና ወረደች። ከኋላዋ ሊወጣ የነበረ የጭነት መኪና ጥሩምባውን ነፋ፤ ወንድሟም በመስኮት «ግቢ እንጂ!» እያለ ይለምናታል። እሷ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፣ ልብስ ያለበሰችውን ሰው እንደምታይ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየቻት፣ በዚያኛው ጎንም ዞራ አየቻት። ጥሩምባው ደግሞ ተነፋ። እጇን አነሳችለት፤ ትንሽ ይታገሥ፣ ገና ከኋላ አላየቻትም።