የቦት ጫማ ጠባቂው

የማረፊያው አውቶቡስ ከሚነደው የቀለም መጋዘን ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ፣ ነፋሱ ጭሱን በማያመጣበት በኩል ቆሟል። ዱሮ የከተማ አውቶቡስ ነበር። አሁን ወንበሮቹ ተነቅለው ሁለት ረጃጅም አግዳሚዎች ፊት ለፊት ተተክለውበታል። ማራገቢያ፣ የውሃ በርሜልና እጅ እስከ ክርን የሚነከርበት ሳፋ አለው። ከበሩ አጠገብ ደግሞ የብረት ቁምሳጥን አለ፤ ቁልፉ በጠባቂው አንገት ላይ ነው የሚውለው።

ከእሳት የወጣ ሰው አውቶቡሱ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ቦት ጫማውን ያወልቃል። ጫማው ይቆለፍበታል። ሃያ ደቂቃ አርፎ የልብ ምቱ ከመቶ አስር በታች ካልወረደ አይመለስለትም። መቼም ባዶ እግሩን ወደ እሳት የሚሮጥ የለም። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ጠባቂውን «ሞግዚት» ይሉታል። እሱም አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ይላል፤ ዓይን አፋር ነው።

ከአራት ወር በፊት ይኸው ዓይን አፋርነቱ ሰው አስጎድቷል። አንዱ «ደህና ነኝ አልኩህ እኮ!» ብሎ ሲጮህበት፣ ምቱ መቶ ሃያ አራት ላይ እያለ ጫማውን አውጥቶ ሰጠው። ሰውየው ደረጃ ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ዛሬ የሚሄደው በምርኩዝ ነው። ጠባቂውን ማንም አልጠየቀውም። ቁጥሩ ግን እንደ እሾህ ውስጡ ተሰክቶ ቀረ።

ዛሬ ቀትር ላይ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው የገዛ ታላቅ ወንድሙ ነው። አባታቸው ሲሞት ያሳደገው፣ ደብተር የገዛለት፣ እዚህ ሥራ ላይም ለምኖ ያስገባው እሱ ነው። መጋዘኑ ውስጥ በጀርባው የተሸከመው የመተንፈሻ አየር አልቆበት ወጣ። አስራ አንድ ዓመት አብሮት የሠራው፣ በቁመቱ የተነሳ «ቀውላላው» የሚባለው ጓደኛው ግን ሁለት የመጋዘኑን ሠራተኞች ፍለጋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቀርቷል።

«ስንት ደቂቃ ሆነ?» አለ ታላቅየው።

«አስራ አራት፣ ወንድም ጋሼ።»

«የቆመው ሰዓትህ ነው ወይስ አንተ?»

አብረውት የሚያርፉት ሁለቱ ሳቁ። ጠባቂው አንድ ጠርሙስ ውሃ ሰጠው፤ ወንድሙ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ያን ጊዜ ሬዲዮው ተንጫጫ። «የሦስተኛ ፎቅ ደረጃ እየተናደ ነው! ቀውላላው ሲጠራ አይመልስም!»

ሳቁ እዚያው ላይ ተቆረጠ።

ሃያ ደቂቃው ሲሞላ አለቃው እያለከለከ በሩ ላይ ደረሰ። «ያን ፎቅ ከወንድምህ በቀር በደንብ የሚያውቀው የለም። ቶሎ ለካው!»

ጠባቂው የልብ ምት መለኪያዋን ወንድሙ ጣት ላይ ሰካ። ቁጥሩ ወጣ፣ ወረደ፣ መቶ ስምንት ላይ ቆመ።

«በቃ፣ ጫማውን ስጠው» አለ አለቃው።

ጠባቂው ቁምሳጥኑን ከፍቶ ሰጠው።

«ውሃ እንኳ አትሰጠኝም?» አለ ወንድሙ እየተጣደፈ። «ከገባሁ ጀምሮ ጉሮሮዬ ደርቆ!»

ባዶው ጠርሙስ ጉልበቱ ላይ ነበር።

ጠባቂው ቀና ብሎ አየው። የሌሎቹ ግንባር ላብ ያንቆረቁራል፤ የወንድሙ ግን እንደ ሸክላ ደርቋል። ወደ ታች ተመለከተ። ወንድሙ የቀኙን ቦት በግራ እግሩ ሊያጠልቅ ይታገላል፤ ስህተቱንም ልብ አላለውም። ጠባቂው ልጅ ሳለ ግራና ቀኙን ለይቶ ማጥለቅ ያስተማረው ይኸው ሰው ነበር።

«አይወጣም» አለ። ድምፁ ለራሱም አልተሰማው። ምራቁን ዋጠና «አይወጣም!» ብሎ ጮኸ።

«ቁጥሩ አልፏል እኮ!» አለ አለቃው።

«ቁጥሩን ይተዉትና እግሩን ይዩት። ሙቀቱ አእምሮውን መትቶታል።»

ወንድሙ እየተንገዳገደ ተነሳ። «ዞር በል ከፊቴ!»

ጠባቂው በሩን ዘግቶ፣ የበሩን ብረት በሁለት እጁ ጨብጦ ቆመ።

«ቀውላላው እዚያ ቢቀር፣ ከእንግዲህ ወንድም አለኝ አልልም! ሰምተሃል?»

«እሺ፣ ወንድም ጋሼ። አትበል።»

አለቃው የታላቅየውን እግር አየ። ሬዲዮውን ወደ አፉ አስጠጋ። «ሁለተኛው ቡድን ይግባ። እሱ አይመጣም።» ይህን ብሎ ወደ መጋዘኑ ሮጠ።

ታላቅየው ቡጢውን አነሳ። ቡጢው አየር ላይ ቀረ፤ እሱም ወደ ፊት ተደፋ። ጠባቂው ተቀበለው። ገላው እንደ ምድጃ ይፋጃል።

«ሳፋውን አምጡ! አምቡላንስ ጥሩ!»

ውሃ ደፉበት፤ ልብሱን ቀደዱለት፤ በብብቱና በአንገቱ የቀዘቀዘ ፎጣ አደረጉለት። ግራ እግሩ ላይ የተቀረቀረው ቦት ግን እምቢ አለ። ጠባቂው ፎጣ እየነከረ ጆሮውን ወደ ሬዲዮው አቀና። አንድ ደቂቃ። አራት ደቂቃ። ቀውላላው ከሞተ፣ ወንድሙ ቢተርፍም እንደ ጠፋ ነው።

ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ሬዲዮው ተናገረ። «አገኘናቸው። ሦስቱም በሕይወት አሉ።»

ጠባቂው ፊቱን በእርጥቡ ፎጣ ሸፈነ። ለምን እንደሸፈነ ማንም አልጠየቀውም።

ትንሽ ቆይቶ በሩ ላይ አንድ ጥላሸት የለበሰ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ገባ። ወለሉ ላይ የተዘረጋውን ጓደኛውን አየ፤ ግራ እግሩንም አየ።

«ይሄ ሰውዬ ጫማ ማድረግም ረሳ?»

ታላቅየው ዓይኑን ገለጠ። «አንተስ... ሲጠሩህ አቤት አትልም?»

«ሬዲዮዬ ከደረጃው ጋር ወረደ።»

ሁለቱ ተያዩ። ከዚያ ታላቅየው ዓይኑን ወደ ወንድሙ መለሰ። የተቀረቀረውን ቦት ከነእግሩ ቀስ አድርጎ ወደ እሱ ገፋለት። ጠባቂው ተንበርክኮ፣ ተረከዙን ይዞ ሳበው፤ ወጣ። ቁምሳጥኑ ውስጥ ከጓዱ ጋር አስቀምጦ ቆለፈው።

የአምቡላንሱ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ፣ ጠባቂው ወደ ቀውላላው ዞሮ እጁን ዘረጋ።

«እኔ ደህና ነኝ እኮ!» አለ ቀውላላው።

«ጫማህን» አለ ጠባቂው።